ነጥብ ያልመጣላት ልጅ ነርስ ለመሆን የቱ መንገድ ያዋጣታል? ከሰሜን ሸዋ የቀረበ ጥያቄ እና 26 መልሶች

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄው የእህቴን ልጅ የሚመለከት ነው። 12ኛን የጨረሰችው መሀል ሜዳ ነው፤ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ናት። ውጤቷ ከ600 168 ሆነ። ለሪሚዲያል (ነጥብ ለጎደላቸው ለሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) እንኳ አልበቃም። እሷ ግን ነርስ ካልሆንኩ ብላ ድርቅ ብላለች። እናቷ ደግሞ ቶሎ ሥራ ይዛ ታናናሾቿን እንድታግዝ ትፈልጋለች። ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ የግል ኮሌጅ ነጥብ አንጠይቅም፣ በአጭር ጊዜ ነርስ አድርገን እናስመርቃለን እያለ ወረቀት ይበትናል። እናስመዝግባት? ወይስ የተሻለ መንገድ አለ? የምታውቁ ንገሩን።

ይህን ለጥፌ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ መልሱ ጎርፏል። ብዙው ለእኔ ብቻ የሚሆን ስላልነበር እንዲህ አሰባስቤዋለሁ። የሰዎቹን ቃል በቃል አልገለበጥኩም፤ ቅጽል ስማቸውንም ትቼ የመልሱን ቁጥር ብቻ ይዣለሁ።

1ኛው መልስ የመጣው ከደነባ ነው። ጨዋ ሰው ነው። በመጀመሪያ ልጅቷን ብቻዋን ጥፋተኛ አታድርጓት አለ። በ2014 ዓ.ም. ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲዛወር 50 በመቶ እና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ተፈታኝ ብቻ እንደነበር አስታወሰ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ ያለፉበት ጊዜ ነው። እህቴ ይህን ሳነብላት ትንሽ ቀለል አላት።

2ኛው ዋናውን ነገር ይዞ መጣ። እዚያው ደብረ ብርሃን የሚሠራ፣ ጉዳዩን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ነው። ነርስ ለመሆን በሩ ሁለት ነው ይላል። አንደኛው ዲግሪ ነው፤ አራት ዓመት ይፈጃል። 50 በመቶ ማምጣትን፣ ካልሆነም በሪሚዲያል ማለፍን ይጠይቃል። ሁለተኛው ደረጃ 4 ነው፤ ሰው ዛሬም ዲፕሎማ ነርስ የሚለው። ለዚህ ክልሉ በየዓመቱ የመቁረጫ ነጥብ ያወጣል፤ ለሴቶች ዝቅ ይላል። በመንግሥት በኩል ደብረ ብርሃን ጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ። ወንበሩ ጥቂት፣ ተመዝጋቢው ብዙ ነው።

ከዚያ ሁሉም ነገር የሚታሰርበትን ቦታ አሳየኝ። ደረጃ 4 የጨረሰ ሰው ሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘና፣ ይፈተናል። የጽሑፍ አለው፣ የተግባር አለው። ውጤቱ ወይ ብቁ ነው፣ ወይ ገና ብቁ ያልሆነ ነው። ብቁ ያልተባለ ሰው የሙያ ፈቃድ አያገኝም። ፈቃድ የሌለው መርፌ አይጨብጥም። የምረቃ ጋውን ማንም ያከራያል፣ ሲኦሲ ግን አይከራይም አለ። እኔ እስከዚያ ሰዓት ኮሌጁ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅና ስንት እንደሚያስከፍል ብቻ ነበር የማሰላው። እሱ ግን ሲጨርሱ ማን እንደሚፈትናቸውና ማን እንደሚመዘግባቸው ጠይቅ ነው የሚለኝ። ከ26ቱ መልስ ሁሉ ይኼ ይበልጥብኛል።

3ኛው የኮሌጁን ስም አውጣ ብሎ ጮኸ። አላወጣሁም። ወረቀት መበተን ወንጀል አይደለም፤ እስካሁን የበደለንም ነገር የለም።

4ኛዋ ግን ወረደችብን። ዋርድ ውስጥ ብዙ ዓመት የሠራች ሲስተር ናት። ነርስነት ሌላ ያልሆነለት ሁሉ የሚጠለልበት ቤት አይደለም አለች። ኬሚስትሪና ሒሳብ የከበደው ልጅ ሌሊት ሁለት ሰዓት ላይ (በፈረንጅ ማለቷ ነው) ብቻውን ተረኛ ሆኖ የሕፃን መድኃኒት በኪሎ ሲያሰላ አይታችኋል ወይ ስትል ጠየቀች። አይታለች መሰለኝ፤ አጻጻፏ የሰማ ሰው አጻጻፍ አይደለም። ቀጥላ ፈተና ጣለችልን። ሐኪሙ 1000 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት ውስጥ ይግባ ብሎ አዟል። በደቂቃ ስንት ጠብታ ይወርዳል?

ውይይቱ እዚህ ላይ ጋለ።

5ኛው በሙሉ ልብ 125 ብሎ መለሰ። 6ኛው ሳቀበት። 125 በሰዓት የሚገባው ሚሊ ሊትር ነው እንጂ በደቂቃ የሚወርደው ጠብታ አይደለም። እሱ እንዲህ ሠራው፦ አንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ነው። 1000 በ20 ሲባዛ 20,000 ጠብታ ይሆናል። 8 ሰዓት 480 ደቂቃ ነው። ሲካፈል 42 ገደማ ይመጣል። 5ኛው በ125 ቢያወርደው ኖሮ የ8 ሰዓቱ ግሉኮስ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አልቆ ነበር። ልቡ ደካማ የሆነ ሽማግሌ ላይ ይህ ምን እንደሚያደርግ 6ኛው አልዘረዘረም። ሁላችንም ገባን።

7ኛው ከሜሪላንድ ገባ። 42 ትክክል ሊሆንም ላይሆንም ይችላል አለ። እሱ በሚሠራበት ቦታ አንድ ሚሊ ሊትር 10 ጠብታ የሆነበት ቱቦ አለ፣ 15 የሆነበትም አለ። በ15ቱ ከሆነ መልሱ 31 ነው። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ሳይታይ ሒሳቡ አይጀመርም። 8ኛው መልስ የሲስተሯ የራሷ ነበር። ድምጿ ለስለስ ብሏል። የፈለገችው ይኼንኑ እንደነበር፣ ቁጥሩን ከመናገሩ በፊት ቱቦው የትኛው እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው እንደምትሻ ጻፈች።

9ኛው የእኔ ነው። የእህቴን ልጅ በስልክ የጠብታውን ጥያቄ ጠየቅኳት፤ የቱቦውን ነገር ግን አስቀድሜ ነገርኳት። ቆይታ ደውላ 42 አለችኝ። ይህንኑ ለጠፍኩ። ልኩራራ አስቤ ነበር። 10ኛዋ፣ ያችው ሲስተር፣ ጎሽ ብላ ካመሰገነች በኋላ አንድ ሒሳብ ነርስ አያደርግም ስትል ኩራቴን አስተነፈሰችው። ልጅቷ ደም ስታይ ምን ትሆናለች? የታማሚ ሽንት ጨርቅ ለመቀየር ትጸየፋለች ወይ? መሀል ሜዳ ሆስፒታል ሄዳ ጥቂት ቀን ኮሪደሩ ላይ ትቀመጥና ታስተውል አለች። ይህን የመሰለ ምክር ከቤተሰብ ማንም አላሰበውም ነበር።

11ኛው የሸዋ ሮቢት ልጅ ነው። የሱን መልስ ሁለቴ አንብቤዋለሁ። እህቱ አንድ የግል ኮሌጅ ገብታ ነበር። የትኛው እንደሆነ አልተናገረም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። አባቱ የጤፉን ብር በሙሉ ለክፍያ አዋሉት። ትምህርቱ ፎቅ ላይ በተከራዩት ሁለት ክፍል ነበር። ለተግባር ልምምድ ወደ አንድ ክሊኒክ ላኳቸው፤ እዚያ ካርድ ሲያመላልሱና ሲጠርጉ ከረሙ። ተመረቀች፣ በግ ታረደ። ሲኦሲ ልትመዘገብ ስትሄድ ግን ኮሌጁ በዚያ ደረጃ ለነርሲንግ የእውቅና ፈቃድ እንደሌለው ነገሯት። አሁን ዳሽን ቢራ አካባቢ ሱቅ ውስጥ ትሸጣለች። ሲጨርስ ወረቀት የሚበትን ሁሉ ኮሌጅ አይደለም ብሎ ተሳደበ። ስድቡን እዚህ አላመጣውም።

12ኛዋ የሱን ታሪክ ተቀብላ አስተካከለችው። እውቅና ለኮሌጁ በጅምላ የሚሰጥ አይደለም አለች። ለእያንዳንዱ የትምህርት ዘርፍ፣ ለእያንዳንዱ ደረጃና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ለየብቻው ነው፤ የሚያበቃበት ቀንም አለው። ስለዚህ ግድግዳ ላይ በመስታወት የተሰቀለው ወረቀት የፋርማሲ ሊሆን ይችላል። የአዲስ አበባው ቅርንጫፍም ሊሆን ይችላል። ቀኑም ያለፈ ሊሆን ይችላል። ዲግሪ ከሆነ ማጣሪያው ትምህርትና ስልጠና ባለሥልጣን ነው። ደረጃ 4 ከሆነ የክልሉ ሥራና ስልጠና ቢሮ ነው፤ በዞን መምሪያው በኩልም ይጠየቃል። ኮሌጁ እዚያ ሄዳችሁ እንዳትጠይቁ የሚያጣድፋችሁ ከሆነ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው ብላ ዘጋች።

13ኛው የግል ኮሌጅ መምህር ነኝ ብሎ ተነሳ። ተቆጥቷል። እውነትም አለው። ፈቃዱን አሟልቶ፣ ተማሪውን ሆስፒታል አዋውሎ፣ ከመንግሥት ኮሌጅ እኩል ሲኦሲ የሚያሳልፍ የግል ተቋም ሞልቷል ይላል። በአንድ ሌባ ሁሉን አታስሩ አለ። 14ኛው ይህን የሚናገረው ደሞዙን የሚከፍሉት እነሱ ስለሆኑ ነው ሲል ወጋው። 13ኛው ተመልሶ መጣና (15ኛው ነው) ደሞዜን ብታውቀው ኖሮ አትቀናብኝም ነበር አለ። ሁለቱ እዚያው ተኮራረፉ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ መንገድ ሳተ። 16ኛው በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው፤ ከሞረትና ጅሩ ወገን መሆናቸውን አነጋገራቸው ይናገራል። በእሳቸው ጊዜ ድሬሰር ነበር። ጥቂት ተምሮ፣ ቁስል አጥቦ፣ መርፌ ወግቶ አገር ያከመ። ነጥብ የሚባል ነገር ማን ጠየቀው አሉ። ከዚያ ወደ ልዕልት ፀሐይ ገቡ። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ ነርስነት ተምራ የታመመ ስታስታምም፣ ዛሬ የገበሬ ልጅ ነርስ ለመሆን ማፈሯ ይገርማል ሲሉ ጻፉ። የእህቴ ልጅ ያፈረችው በነጥቧ እንጂ በነርስነቱ አልነበረም። ዝም አልኩ፤ ጋሼን ማን ያርማል? 17ኛው ግን አረመ። በትህትና። ድሬሰሩ ባለውለታ ነው፣ ግን በዚያ ዘመን መርፌ አለአግባብ ተወግቶ እግሩ የሰለለ ጎረቤትም ነበረኝ አለ። የመድኃኒቱ ዓይነት በዝቷል፣ ተጠያቂነቱም ጨምሯል፤ ያኔ የበቃው ዛሬ አይበቃም።

18ኛው ስለ ጠባሴ የቤት ኪራይ ጠየቀ። 19ኛው መለሰለት፤ ኪራዩን ትተህ ለብርዱ ተዘጋጅ አለ። የብርድ ልብስ ፋብሪካው ደብረ ብርሃን የተተከለው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ቀለደ። ለመንዝ ልጅ የደብረ ብርሃን ብርድ ምንም እንደማይመስላት አልነገርኩትም።

20ኛዋ ከአንኮበር ወዲህ ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ፕሮግራሙ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ሴቶችን እያሠለጠነ አሰማርቷል። እሷ ከ10ኛ ክፍል ወጥታ አንድ ዓመት ሠለጠነች። ደሞዝ እየበላች ወደ ደረጃ 4 አደገች። አሁን ዲግሪዋን ይዛለች። እየሠሩ መማር ይሻላል ነው ምክሯ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። 21ኛው ግን ቀዝቃዛ ውኃ ቸለሰበት። ያ በር በ10ኛ ክፍል ፈተና ዘመን የነበረ ነው አለ። የ10ኛው ብሔራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህ የሚታየው የ12ኛው ውጤት ነው። ደግሞ ኤክስቴንሽን ማለት ቤት ለቤት የመከላከል ሥራ እንጂ ነርስነት አይደለም፤ ልጅቷ የምትፈልገው ዋርዱን ከሆነ ወደዚያ አትግፏት።

22ኛው ሒሳብ አወራረደ። አጭር የሚመስለው መንገድ ይረዝማል ባይ ነው። ደረጃ 4 ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይወስዳል። ሲኦሲ አለ። ከዚያ ሥራ ፍለጋ አለ። ዲግሪ ልሥራ ስትል ደግሞ የሥራ ልምድና የመግቢያ ፈተና ይጠብቃታል፤ ተደማምሮ በቀጥታ ዲግሪ ከገባው ልጅ በእጥፍ ትዘገያለች። ስለዚህ አንድ ዓመት ታጥና፣ በግል ተፈታኝነት ድጋሚ ትቀመጥ። ዲግሪም ቢሆን ያለ ፈተና እንደማያልቅ ጨመረ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ ለጤና ተማሪ ደግሞ የሙያ ፈቃድ ፈተናው ይከተላል።

23ኛዋ ይህን አንብባ ተናደደች። አንድ ዓመት ታጥና የሚለው ሰው የማን ጎተራ እየበላች እንደምታጠና ይንገረን አለች። ታናናሾች እያሉ፣ እናት ብቻዋን ሆና፣ መንገዱ በየጊዜው እየተዘጋ አስጠኚ ከየት ይመጣል? ይህ የከተማ ልጅ ምክር ነው። 22ኛው አልመለሰም። እውነት ለመናገር ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። በሒሳብ 22ኛው ያሸንፋል። በእህቴ ቤት ደግሞ 23ኛዋ።

24ኛው የሜሪላንዱ ሰው ነው፤ ተመልሶ መጣ። ትወቀው፣ እዚህ እንዲህ ነው ብሎ ስለ አሜሪካ ዘረዘረ። ሲኤንኤ የሚባለው የነርስ ረዳት ሥልጠና በፌዴራሉ ሕግ ቢያንስ 75 ሰዓት ነው፤ በሳምንታት ያልቃል። ኤልፒኤን፣ ከረዳቱ በላይ ከሙሉ ነርስ በታች ያለው ደረጃ፣ አንድ ዓመት ገደማ ነው። በኮሚኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሮ ኤንክሌክስ የሚባለውን ፈተና ያለፈ ሙሉ ነርስ ይሆናል። እሱም እንዲሁ ከታች ጀምሮ ነው የወጣው። መሀል ሜዳ ላለች ልጅ ምን ያደርግላታል ብዬ ልዘለው ስል የመጨረሻው መስመር ያዘኝ። ወደ ዐረብ አገር በነርስነት የሚሄዱ ጓደኞቹ ዳታፍሎው በሚባል አሠራር ያልፋሉ። የምስክር ወረቀቱ ትክክለኛነት ያስተማረው ተቋም ድረስ ተልኮ ይጠየቃል። ተቋሙ ከተዘጋ ወይም እውቅና ከሌለው ነገሩ እዚያው ያከትማል። እንግዲህ የሸዋ ሮቢቱ ልጅ እህት ሲኦሲ ላይ የገጠማት ነገር ባሕር ተሻግሮም ይጠብቃል ማለት ነው።

25ኛው ስለ ደሞዝ አነሳ። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች በደሞዝ ጥያቄ ሥራ ማቆማቸውን አስታውሶ፣ ዲግሪ ይዘው ቤት የተቀመጡ ነርሶችን ጠቅሶ፣ ልጅቷን ለምን ወደዚህ ትገፏታላችሁ አለ። ሥሩ የተንጠለጠሉት አጫጭር አስተያየቶች ወደ ፖለቲካ ስለነጎዱ አልቆጠርኳቸውም። ግን ጥያቄው ተገቢ ነበር። ለልጅቷም አነበብኩላት። ሥራ የሌለው በሁሉም ነው ብላ አሳጠረችው።

በመጨረሻ ቤተሰብ ሆነን የወሰንነው ይህ ነው። የክልሉ መቁረጫ ነጥብ ሲወጣ በመንግሥቱ ኮሌጅ ለደረጃ 4 ትወዳደራለች። ካልሆነ፣ 12ኛዋ ባለችው መሠረት ነርሲንግን በደረጃ 4 ለደብረ ብርሃን ካምፓሱ የሚፈቅድ፣ ቀኑ ያላለፈ ደብዳቤ እንዳለው ዞን መምሪያው ካረጋገጠልን ብቻ የግል ኮሌጅ እናያለን። ወረቀት የበተነውን ጭምር። እስከዚያ ወላጅ አብሯት ሆኖ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ትቀመጣለች፤ ሲስተሯ እንዳለችው። በሳምንቱ መጨረሻ ሒሳብና ባዮሎጂዋን አትጥልም፤ ድጋሚ ለመፈተን ከመጣ እንዳይጠፋባት።

26ኛው መልስ ከዚህ ሁሉ በኋላ መጣ። አንድ ሬጅስትራር ቢሮ የሠራች ሴት ናት። ስለ ነርስነት ምንም አላለችም። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርዷን፣ የ12ኛውን ውጤትና የቀበሌ መታወቂያዋን ጎን ለጎን አስቀምጡና የአያት ስም በእንግሊዝኛው ፊደል አንድ ዓይነት መጻፉን እዩ ብላ ጻፈች። በዚህ ምክንያት በምዝገባ ቀን የሚመለስ ተማሪ ብዙ ነው፤ ሲኦሲ ላይ ደግሞ ይብሳል። ለእህቴ ደወልኩ። አውጥታ አየች። በሚኒስትሪው ላይ ገብረ የሚለው በሙሉ ተጽፏል፣ በ12ኛው ላይ ግን በአንድ ፊደልና በእዝባር አጥረውታል። ትምህርት ቤቱ የማስተካከያ ደብዳቤ እንዲጽፍላት ሰኞ ይሄዳሉ።